ስድስት ጣሳ አጃ

ሰው ቅጽል ስም ሲያወጣላችሁ ደስ ይበላችሁ እንጂ አትመኑት። ይችን የዳቦ ቤት ሠራተኛ «ሚዛን» ያላት ሟቹ ባለ ዳቦ ቤት ነው። ገና በተቀጠረች ሰሞን ዱቄት በእጇ ዘግና «ይኼ ሩብ ኪሎ ነው» ብትለው፣ መዘነውና ልክ ሩብ ኪሎ ሆኖ አገኘው። ቀልድ ወዳድ ነበርና በዚያው «ሚዛን» አላት፤ ስሙም ተጣበቀባት። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ስትጠራ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ ጠፋ። እውነተኛው ሚዛን ዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ እሷ የምትሰፍረው በአንዲት አሮጌ ጣሳ ነው። አዲስ የገባ ሠራተኛ ሚዛኑን ቀና ብሎ ካየ «ተወው እሱን፣ የሰነፍ ነው» ትለዋለች። አይ ኩራት!

ዳቦ ቤቱ የሚታወቀው በአጃ ዳቦው ነው። ሟቹ ግድግዳው ላይ በለጠፈው ወረቀት «ስድስት ጣሳ አጃ» ብሎ ጽፏል፤ የምን ዓይነት አጃ እንደሆነ ግን አልጻፈም። ምን አስጽፎት! በእሱ ጊዜ የሚመጣው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፤ ተዳምጦ እንደ ቅርፊት የሳሳው። አንድ ሰኞ ታዲያ አቅራቢው «የተዳመጠው አልቆብኛል» ብሎ ክክ አጃ ላከ፤ እንደ ደቃቅ ጠጠር የሆነ።

«እትዬ ሚዛን፣ ይኼ እኮ ከበድ ይላል። ብንመዝነውስ?» አለች ሊጥ አቡኪዋ።

ሚዛን ሳቀችባት። «አጃ አጃ ነው የኔ እህት። ልብሱን ቢቀይር ሰውየው ያው ነው።» ስድስት ጣሳ አፍ እስካፉ ሰፈረችና ዱቄቱ ላይ ገለበጠችው።

ከምድጃው የወጣውን ነገር ዳቦ ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ላዩ ተሰነጣጥቋል፣ ውስጡ ደርቋል፣ ሲነክሱት ቀጭ ቀጭ ይላል። በየቀኑ ሰማንያ ዳቦ የሚወስደው የአረጋውያን መኖሪያ ሁሉንም መልሶ ሰደደው፤ ሹፌሩ ይዞት የመጣው መልእክት «የቀሩንን ጥርሶች እንፈልጋቸዋለን» የሚል ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ሁሉም በሳቀ።

ዳቦ ቤቱን ከአባቷ የወረሰችው ልጅ በንዴት ቀልታ መጣች። አንዱን ዳቦ ቆርሳ አየችው፣ ከዚያ ዓይኗ በቀጥታ ወደ ምድጃው ሄደ። እዚያ የቆሙት ጋሼ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሳቱን የያዙት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ምድጃውን ከልክ በላይ አግለውት ነው አይደል?»

ጋሼ ዳቦውን ገለባብጠው አዩት። «እንጃ ልጄ፣» አሉ፣ «ይሆናል። አግዬው ይሆናል።»

ሚዛን ከጎናቸው ቆማ ነበር። ሊጡ ገና ሲቦካ እጇ ላይ እንደ ድንጋይ ከብዷት እንደነበር ታውቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል፤ ጎንበስ ብላ ያልቆሸሸ ጠረጴዛ መጥረግ ጀመረች። ልጅቷም ምድጃውን ለሌላ ሰው ሰጥታ ጋሼን ዳቦ ማሸጊያው ጋ አስቀመጠቻቸው። «ለጊዜው ይረፉ፤ ወሩ ሲያልቅ እናስብበታለን» አለቻቸው። «እናስብበታለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሚዛን ዕቃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሚዛኑን አወረደች፣ አቧራውን በሽርጧ ጠረገች። ከድሮው ከተዳመጠው አጃ የተረፈውን በጣሳዋ ሰፍራ ብታስቀምጠው ሁለት መቶ ግራም ሆነ። ክኩን በዚያችው ጣሳ ብትሰፍረው ሦስት መቶ ሰማንያ። ደጋግማ መዘነችው፤ ያው ነው። ስድስት ጣሳ ብላ የጨመረችው ለካ አሥራ አንድ ጣሳ ያህል ኖሯል! ፊቷ በእፍረት ነደደ። ታዲያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ሮጣ የምትናገር ይመስላችኋል? ሚዛኑን ወደ ቦታው መለሰችና፣ ማንም እንዳልነካው እንዲመስል ዱቄት በተነችበት። እኔ ይኼን ስናገር እንኳ እሷን ሆኜ አፍራለሁ።

ከዚያ የባሰው ተከተለ። በማግስቱ ክኩን ለብቻዋ ቀድማ ነክራ ሦስት ጣሳ ብቻ ጨመረች፤ ዳቦው አማረ። አማረና በጋሼ ላይ አስፈረደባቸው። «አያችሁ፣ እሳቱ ነበር» አለች ልጅቷ። አዲሱ ባለ ምድጃ ደረቱን ነፋ፤ ጋሼ ከማሸጊያው ጥግ ሆነው «እሰይ» አሉ። የእውነታቸውን ነው ያሉት። በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ ሚዛን» ሲሏት ዓይናቸውን ማየት አቃታት፤ ወደ ጫማቸው እያየች መመለስ ለመደች።

ለባሏ ነገረችው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱሪ ለማሳጠር ሦስት ጊዜ የሚለካ ሰው። ልክ ስለ መሳት ይቆጣኛል ብላ ስትጠብቅ፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰና «ዝም አይነቅዝም፤ ተይው» አላት። ምን አይነቅዝም! የእሷ ዝምታ በሳምንቱ ነቅዞ ሆዷን ይበላት ጀመር። ሰው «ሚዛን» ብሎ በጠራት ቁጥር የተሰደበች ይመስላት ነበር።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ልጅቷ ጠዋት ሁሉንም ማቡኪያው ዙሪያ ሰበሰበችና፣ ጋሼ ከነገ ጀምሮ ቤታቸው እንደሚያርፉ፣ ስንብታቸው ላይ ስጦታ እንደሚሰጣቸው ተናገረች። ከዚያ ዞር ብላ «እትዬ ሚዛን፣ አብረው የኖሩት እርስዎ ነዎት፤ የምስጋናውን ንግግር እርስዎ ያደርጉልናል» አለቻት።

«አላደርግም» አለች ሚዛን። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እሳቸው ምንም አላጠፉም። ያን ቀን ዳቦውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አጃውን ሳልመዝን እጥፍ ጨመርኩበት።»

ልጅቷ መጥታ ትከሻዋን አቀፈቻት። «አይ እትዬ ሚዛን! ለሰው ብለው በራስዎ ይዋሻሉ? እንደ እርስዎ ያለ ልብ የት ይገኛል!» አቡኪዋ ዓይኗን ጠረገች፤ አዲሱ ባለ ምድጃ ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ። እውነቷን ብትናገር ጭራሽ ቅድስት አደረጓት! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በሆዷ።

«ሚዛኑን አምጡልኝ!» ብላ ጮኸች።

መጣ። አጃዎቹን አስደረደረች፤ የተዳመጠውን፣ ክኩን፣ የአጃ ዱቄቱን። በጣሳዋ እየሰፈረች፣ ትርፉን ከአፉ በቢላ እየጠረገች አስቀመጠች፤ ቁጥሩን አቡኪዋ ጮክ ብላ እንድታነብ አደረገች። ሁለት መቶ። ሦስት መቶ ሰማንያ። ዱቄቱ ሁለት መቶ አርባ፤ ጣሳዋን ጠረጴዛው ላይ ቸብ ቸብ አድርጋ በላዩ ስትሞላው ደግሞ ሁለት መቶ ሰማንያ ሆነ። «ያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃ ቤት ገብቼ ይኼንኑ አይቻለሁ» አለች። «ወሩን ሙሉ አውቄ ነው ዝም ያልኩት።» አሁን የሚያቅፋት አልተገኘም። አቡኪዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ጋሼ የማሸጊያውን ላስቲክ እንደያዙ መጡ። «ታዲያ እጄ አይደለማ?» አሉ።

«አይደለም ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ እኮ ቤት ላለችው ልጄ እጄ ከዳኝ ብያታለሁ። ቤት ውስጥም ምድጃ መለኮስ ትቻለሁ።» አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻላት።

ልጅቷ በእፍረት እየተርበተበተች፣ በዚያው ሰዓት ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። ጋሼ ሽርጣቸውን አስረው ከምድጃው ፊት ቆሙ። በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። ሊጡ በሰሌዳው ላይ ሆኖ ይጠብቃል። በመጨረሻ ዞር ብለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠሯት።

«እስቲ ነይማ፣ አንቺ እይልኝ። ግሏል ትያለሽ?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማንንም ጠይቀው አያውቁም። እሷ ደግሞ ስለ እሳት ምንም አታውቅም።