ባሌ የሚፈልጋት ቆንጆ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ባሌ ብሩክ ላፕቶፑን ኪችን ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ ትቶት ሻወር ገባ... ሻይ ልቀዳ ስሄድ አንዲት ሴት ከስክሪኑ ላይ ፈገግ ብላ ታየችኝ። ቆንጆ ናት። መዋሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ቆንጆ ናት።

የብሩክ ሥራ እዚህ አሜሪካ ቤይል ቦንድ የሚሉት ነው። ሰው ሲታሰር ዋስ ሆኖ ያስወጣል፤ ያ ሰው በቀጠሮው ፍርድ ቤት ካልቀረበ ግን ጣጣው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ የታሰሩ ሰዎች ስም የሚወጣበት ሳይት፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚታይበት፣ በየወሩ የሚከፍልበት የሰው አድራሻ ፈላጊ ሳይት... ቀኑን ሙሉ እነሱ ላይ አፍጥጦ ነው የሚውለው። ይሄን አውቃለሁ። ግን እኔ የማውቀው የደንበኛ ፎቶ እስር ቤት የተነሱትን ነው፤ ፀጉር የተንጨባረረ፣ ፊት የተኮሳተረ። ይቺ ግን በሀበሻ ቀሚስ፣ ሹሩባ ተሠርታ፣ ሰርግ ላይ!

ወረድ ስል የልደት ቀኗ፣ የእህቷ ስም፣ የድሮ አፓርትመንቶቿ፣ የመኪናዋ ታርጋ... እኔ የመኪናዬን ዘይት ቀይርልኝ ካልኩት ወር አልፎታል፣ እሱ የእሷን ታርጋ ያጠናል! ደሜ ፈላ። ፎቶዋን በስልኬ አነሳሁት።

ከሻወር ሲወጣ «ይቺ ማናት?» አልኩት።

«የሥራ ናት» አለና ላፕቶፑን ዘጋው።

«የሥራ ማለት?»

«የደንበኛ ነገር ቤት ውስጥ አላወራም፣ ታውቂያለሽ።»

እውነቱን ነው፣ አውርቶም አያውቅም። ግን ሲዘጋው ትንሽ ፈጠነብኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር!

እሱ ወደ ሥራ ሲወጣ እኔም ወጣሁ። ቀጥታ ሃቫና ስትሪት፣ ፀጉር ቤት። «እንዲህ ዓይነት ሹሩባ ፈልጌ ነበር» ብዬ ለፀጉር ሠሪዬ ፎቶውን አሳየኋት።

«ውይ፣ ሜሮን እኮ ናት! እኔው ነኝ የሠራኋት። አሁን ግሌንዴል ጓደኛዋ ጋ ገብታለች፤ ባለፈው እዚያ ድረስ ሄጄ ሠራኋት» አለችኝ። ሕንፃውንም በሩንም ነገረችኝ። አይ የሀበሻ ፀጉር ቤት!

ግሌንዴል እስክደርስ መሪውን ይዤ ከራሴ ጋር ስጣላ ነበር። ትዳሬ ሊፈርስ ነው፣ ለእኔ ያለቀ ነገር ነው። በሩን ደበደብኩት። ራሷን በሻሽ አስራ ከፈተች። ያለ ሜካፕም ቆንጆ ናት... የባሰ ተቃጠልኩ።

«የብሩክ ሚስት ነኝ» አልኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። እጅ ከፍንጅ ያዝኳት አልኩ በሆዴ።

«አወቅሽ ማለት ነው...»

«ሁሉንም!»

ልቅሶዋን ለቀቀችው። «እመቤቴን፣ በራሴ ልመጣ ነበር! ፈርቼ ነው...»

«ወዴት ነው የምትመጪው? እኔ ቤት?!»

«ኧረ ፍርድ ቤት!»

ለካ የቆመ መኪና ገጭታ ደንግጣ ጥላው ሄዳ ነው የታሰረችው። ብሩክ ዋስ ሆኖ አስወጣት፤ የቀጠሮዋ ቀን ግን ፍርሃት ያዛት። ቢያስሩኝ ልጄን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣታል ብላ ስልኳን ቀይራ ተደበቀች። ቦርሳዬን እያየች «አሁን እጄን ልታስሪኝ ነው?» አለችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ሊፕስቲክ ነው! አፈርኩ። አብሬያት ቁጭ ብዬ ለብሩክ ደወልኩለት።

እየበረረ መጣ። «ያላየሁት ሳይት የለም፣ የሰርግ ፎቶዋን ሳይቀር ከፌስቡክ አወጣሁ፣ ያወጡልኝ አድራሻ ሁሉ የድሮ ነው... አንቺ እንዴት አገኘሻት?» አለኝ። ምን ልበለው? «እንዲሁ...» አልኩ።

ሰኞ ከጠበቃ ጋር ይዟት ሄደ። ዳኛው ሌላ ቀጠሮ ሰጧት፣ ልጇን ከትምህርት ቤት ራሷ አመጣች። ልታመሰግነኝ መጥታ እቅፍ ስታደርገኝ ሽቶዋን አሸተትኩ። ባሌ ልብስ ላይ ሸትቶኝ አያውቅም... ተመስገን።

የደንበኛ ነገር ቤት አላወራም ባዩ ሰውዬ ትናንት የአንድ ባለ ቦርጭ፣ ባለ ጢም ሰውዬ ፎቶ ይዞልኝ መጣ። «እስቲ ይሄንንም ፈልጊልኝ የኔ ጎበዝ!»

አየሁት፣ አየሁት... ምንም።

«ይቅርብኝ ብሩኬ፣ እኔ አንጀቴ ካላረረ ሰው አላገኝም።»