«ዓዳ የላትም» ያልኩ ቀን

ባለፈው ጁምዓ ኦምዱርማን ያለን አበሾች ለሱዳን መንግሥት የምናቀርበውን ጥያቄ ልናጸድቅ ተሰብስበን ነበር። የመኖሪያ ወረቀቱም፣ የልጆቹ ትምህርትም ተነበበ። አራተኛው ላይ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና «ይቺ የሴቶች ጉዳይ ናት፣ እንለፋት» አለ። ወንዶቹ ሳቁ። ወረቀቱ እጄ ላይ ስለነበር አነበብኩት። የቤት ሠራተኛ በወር አበባዋ ጊዜ ቢያማት እረፍት በሕግ ይሰጣት፣ የሞዴስ ቀረጥ ይነሳ ይላል። ዘይነባ ትዝ አለችኝ።

የሀያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ካፉሪ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ አትክልተኛ። ዘይነባ እዚያው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ከወሎ ከመጣች ሁለት ወሯ። ዓረብኛ አታውቅም። የእኔም ከአትክልትና ከገበያ አያልፍም፤ ግን አስተርጓሚዋ እኔው ነኝ።

የሐቡብ፣ የአሸዋ አውሎ ነፋሱ ወራት ነበር። አቧራው ፉላችን ውስጥ ገብቶ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ሞዴስ ፋርማሲ ሞልቷል፤ ዋጋው ግን እንደ ሽቶ ነው። ዘይነባ ጨርቋን አጥባ ከሎሚው ዛፍ ጀርባ ትሰቅላለች፤ ገመዱ ላይ እንዳይታይ የቤቱ እመቤት፣ ማዳም ከልክላለች። ሳይደርቅ፣ አቧራ እንደጠጣ መልሳ ትታጠቀዋለች። እኔ አይቼ ፊቴን አዞራለሁ። ጨዋነት መስሎኝ።

አንድ ጠዋት ሆዷን ይዛ ተኛች። «ወንድምዬ፣ ዛሬን ብቻ ልተኛ በልልኝ» አለችኝ።

ነገርኩላት። ማዳም «ዓዳ?» አለችኝ። እኔ የማውቀው ዓዳ ልማድ ነው። መተኛት ልማዷ ነው ወይ ያለችኝ መሰለኝ። ላድናት ብዬ «ላ ወላሂ፣ ዓዳ የላትም፣ ኖሯትም አያውቅ» አልኩ።

ለካ ሴቶቹ የወር አበባንም ዓዳ ይሉታል። የላትም ማለት ደግሞ አርግዛለች ማለት ነው። ቀትር ሳይሆን ዘይነባ ከነጓዟ በር ላይ ቆማለች።

«ምን አልክብኝ?»

«ጥሩ ነው ያልኩት።»

«ጥሩ ብለህማ እዚህ አልቆምም ነበር።»

ምን እንዳልኩ የገባኝ ከሳምንት በኋላ፣ ሳጃና ሰፈር አንዲት ሻይ ሻጭ ስታስረዳኝ ነው። ዘይነባ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው። ጁምዓ ዕለት ተነሳሁና አራተኛውን ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሴቶች አሉ እኮ» አለኝ አንዱ።

«ለእነሱ ነው የማነበው።»

ሰብሳቢው ለሌላ ቀን አስተላለፈው። የሳቁት ወንዶች ሁሉም በልጅነታቸው የተማሩ ናቸው። እኔ ቃሉን ሳላውቅ አንዲት ልጅ አስባረርኩ፤ እነሱ ግን እያወቁት ነው ያለፉት።