የኦቦ ቦሩ ዘር በቆሎ

ዛሬ ጠዋት ነገሌ ገበያ ለመሄድ ባጃጅ ተሳፍሬ፣ ራዲዮው ዘረመሉ ስለተለወጠ፣ ድርቅና ተባይ ስለሚቋቋም በቆሎ ያወራ ነበር። ባለሙያው አንደበቱ ይጥማል። እኔ ግን አንዲት ነገር እስኪናገር እየጠበቅሁ፣ ከደረስን በኋላም አልወረድኩም።

በሃያ ሁለት ዓመቴ የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆኜ ከአሬሮ ወዲያ ካለች መንደር ተመደብኩ። ጉራጌ አገር እንሰት ጥላ ሥር ላደግሁት ለእኔ ያ ቀይ አቧራ ሆድ ያስብስ ነበር። ኦሮምኛ አልችልም። የሚያስበኝ ጎረቤቴ ኦቦ ቦሩ ብቻ ነበሩ፤ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ። አመሻሽ ላይ ጭስ ጭስ የሚል ወተት በጮጮ ይዘው ይመጣሉ። "አካም፣ ናጋ?" ብለውኝ፣ ጠጥቼ እስክጨርስ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ያ ይበቃኝ ነበር።

ከምድጃቸው በላይ፣ ነቀዝ እንዳይደርስበት ጭስ የሚያገኘው፣ ሚስታቸው መርጠው የሰቀሉት ዘር በቆሎ ተንጠልጥሏል። ቋንቋውን ጥቂት ስለምድ፣ ምርጥ ዘር አመጣሁላቸውና፣ "ይኼ አሮጌ ምን ያደርግልዎታል? ቆልተው ይብሉት" አልኳቸው። አመነቱ፤ በኋላ አመኑኝ። ቆልተን አብረን በላነው። ሲጣፍጥ!

የዚያ ዓመት በቆሎ ጎጆ አከለ። ከአጨዳው በኋላ ቤታቸው ስገባ፣ ትልልቁን ራስ መርጠው እዚያው ጭሱ ላይ ሰቅለውታል። ክው አልኩ። ያ ዲቃላ ምርጥ ዘር በየዓመቱ እንደሚገዛ፣ ከምርቱ ተመልሶ ቢዘራ እናቱን እንደማይመስል አልነገርኳቸውም። ለእኔ ሀሁ ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ! ያኔም አልረፈደም ነበር። ግን የሚስታቸውን ዘር እንዳስጨረስኳቸው ይገባቸውና ይርቁኛል ብዬ ፈራሁ። ሳልነግራቸው ወጣሁ።

በሚቀጥለው ዝናብ አንዱ አገዳ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ ፍሬው ጥርሱ የወላለቀ ሆነ።

"ታሞ ነው፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?" አሉኝ።

"አልታመመም፣ አባ። ይኼ ዘር ተመልሶ አይዘራም።"

"ስሰቅለው አይተሃል።"

"አዎ።"

ያን ዕለት አይመጡም ብዬ ነበር፤ መጡ። ጮጮውን ደጃፌ ላይ አኑረው ተመለሱ። እስክዛወር ወተቱ አንድም ቀን አልቀረም። እሳቸው ግን ዳግመኛ አልተቀመጡም። ብቻዬን ጠጣሁት።

የራዲዮው ባለሙያ ዘሩ ለከርሞ ይቀመጥ አይቀመጥ ሳይናገር ተሰናበተ። ልወቅሰው ፈልጌ ነበር፤ ግን በየትኛው አፌ?

"አባባ፣ ገበሬ ነዎት እንዴ? ፈዘው ቀሩ" አለ ሾፌሩ።

"አይደለሁም" አልኩት። "የጎረቤቴን ዘር የበላሁ ሰው ነኝ።"

አልገባውም። ወረድኩለትና ሄደ።