ቁልፉ ወልቆም ያልተከፈተው በር

የባለቤቴን ታላቅ ወንድም አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣው ወጪ ይህ ነው፦ የታክሲ ደርሶ መልስ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለቁልፍ መቅረጫ ማሽኑ መብራት፣ በዚህ ላይ ደግሞ አንድ ጥሩ ድንጋጤ። ድንጋጤውን የሚያመጣው ከመጽሐፍ አከራይ ነው። ሥራው ቁልፍ ሠሪ ቢሆንም ሰፈሩ «መርማሪው» ይለዋል። እንቆቅልሽ ያለበት አስፈሪ ልብ ወለድ ካገኘ ምሳውን ይረሳል።

«ጋሼ፣ እየፈራህ ማንበብ ምን የሚሉት መዝናናት ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«የኑሮ ፍርሃት መፍቻ የለውም፣ ሙሽሪት» አለኝ፤ ልጅ ወልጄም ለእሱ ሙሽሪት ነኝ። «የመጽሐፉ ግን ከነቁልፉ ነው የሚመጣው። ፈልገሽ ካገኘሽው ፍርሃቱ ውልቅ ይላል።»

ሰሞኑን አንድ ምዕራፍ ላይ ተቸክሎ ነበር። ታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው የሞተበት ክፍል አለ፤ በሩ ቁልፍ የለውም፣ ግን አልከፈት ይላል፤ ከውስጥ ድምፅ ይሰማል። መልሱን ራሴ ካላገኘሁ መጨረሻውን አልገልጥም ብሎ ምሏል።

በዚሁ መሃል ትንሿ ልጄ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩ እምቢ አለ። ብገፋው ንቅንቅ የለም። ውስጥ ውሃ አለ። ለጋሼ ስደውልለት ከነመፍቻው እየሮጠ መጣ። ቁልፉን ከነእጀታው ነቀለና ገፋ። አልተከፈተም። ከውስጥ ውሃ ተንቦጫረቀ።

መርማሪው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሙሽሪት… ከውስጥ የያዘው ነገር አለ።»

«ልጄ ናታ!»

«እሷማ ትንሽ ናት። ይሄ ትልቅ ነው።»

«ዞር በል እስቲ!»

ቁልፉ በነበረበት ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ልጄ ጥቂት ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ተንደላቅቃ ተቀምጣለች። በእጇ የያዘችው የመወልወያ እንጨት አንዱ ጫፉ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው በሩ ላይ ተወጥሯል።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ እናቴ?»

«እየቀዘፍኩ!»

«ጋሼ፣ መግፋትህን ተው። ጎሽ የኔ ካፒቴን፣ መቅዘፊያሽን ወደ ላይ አንሺዋ!»

አነሳች። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። እኔ ልጄን ከነእርጥበቷ እቅፍ ሳደርግ መርማሪው ጭንቅላቱን ያዘ።

«ገባኝ! አልተቆለፈም፣ ተደግፏል! ሟቹ ራሱ ነው ከነወንበሩ የደገፈው!» ብሎ ፈትለክ አለ፤ ወደ መጽሐፉ።

ቁልፋችንን ሳይመልስ። ይኸው የመታጠቢያ ቤት በራችን የቡጢ ያህል ቀዳዳ አለው። የገባ ሰው ሁሉ መኖሩ እንዲታወቅ እየዘፈነ ነው የሚቀመጠው፤ የባለቤቴ ድምፅ ደግሞ ከየትኛውም አስፈሪ መጽሐፍ ይብሳል።

ስለዚህ መጽሐፍ የምታከራዩ፣ የምታውሱም፣ አደራ፦ አዲስ ካመጣችሁለት የመጨረሻውን ገጽ ለእኔ ስጡኝ። ቁልፋችንን የገጠመ ዕለት እሰጠዋለሁ።