ሐኪሙ ያለፈባቸው ጓሮዎች

አናጢው ከጓሮው የሙዝ ዘለላ አውርዶ አንዱን ፍሬ ሲሰነጥቀው፣ አጠገቡ የቆመው ሐኪሙ ክው ብሎ ቀረ። ልጣጩ ገና አረንጓዴ ነው፤ ውስጡ ግን የዛገ ምስማር መስሏል።

«ምነው ሐኪሙ፣ በሽተኛህ እጅህ ላይ ሞተብህ?» አለ አናጢው፣ እንደ ልማዱ ሊቀልድ ፈልጎ። ድምፁ ግን አልሳቀም።

«ሐኪሙ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣለት ራሱ አናጢው ነበር። ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሙዝ ሲገርዝ የኖረ ነው። ከእናቲቱ ግንድ ሥር ከሚፈሉት ቡቃያዎች ጠንካራውን አስቀርቶ ሌሎቹን ይቆርጣል፤ የደረቀውን ቅጠል ያነሣል። የእሱ ገጀራ ያልጎበኘው ጓሮ የሰነፍ ጓሮ ይባል ነበር። ሙያውን የወረሰው ከአባቱ ነው፤ ኩራቱንም እንዲሁ። ምክር የሚሰጠው ሰው ቢመጣ፣ «እኔን ሳያማክር የበቀለ ሙዝ አለ እንዴ?» ብሎ ያሳፍረዋል። የሚጠይቅ ሰው ለጥቂት ጊዜ ያፍራል፤ የማይጠይቅ ግን ኀፍረቱን ያጠራቅማል።

በማግስቱ የግብርና ባለሙያዋ አናጢው ጓሮ መጣች። አንዱን ግንድ ቆርጣ ጥቂት ብትጠብቅ፣ ከቁራጩ ላይ ቢጫ፣ ወፍራም ፈሳሽ እንደ መግል ጠብ ጠብ አለ።

«እነዚህን የገረዘው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ሊሆን?» አለ ሐኪሙ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ገጀራዎን በምን ያጸዱታል?»

«በቅጠል ጠረግ አደርገዋለሁ።»

«እሳት አያስነኩትም? ወይ በበረኪና አያጥቡትም?»

«ገጀራ ነው እኮ እመቤቴ፣ ሸሚዝ አይደለም!» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «በሽታው በስለት ይተላለፋል። አናጢው ከዘመዳቸው ያመጡት ችግኝ ታሞ ኖሯል፤ እሱን የቆረጡበት ስለት ቀጥሎ የነካውን ሁሉ አስይዟል። ከዚህ በኋላ የት የት ሠሩ? ምልክት ያልታየበትም ቢሆን ይንገሩኝ። ፈጥነን ከደረስን የታመመውን ብቻ አስወግደን የቀረውን እናተርፋለን፤ ከዘገየን ግን የሚተርፍ ጓሮ የለም።»

ሐኪሙ በልቡ ቆጠረ። ከአናጢው ቤት በኋላ ታናሽ እህቱ ዘንድ፤ ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ፤ ከዚያ የጡረተኛው ሾፌር ጓሮ፤ ከዚያም ሌሎች አራት። አንድም ቀን ሳያርፍ፣ በዚያው ገጀራ፣ እየተመረቀ! በሬ ካራጁ ይውላል የተባለው ለካ ስለ እነዚያ ጓሮዎች ነበር።

«አስቤ... ላስታውስና እነግርዎታለሁ» አለ። የረሳው ግን አንድም አልነበረም።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት መሶብ እንዳቀፈች ቆመች። «ዝም በል!» አለችው። «ነፋስ አመጣው በላቸው። ማን አየህ? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማህም? የራስህን ስም በቁምህ ልትቀብረው ነው?»

«የሄድኩበትን ተራ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አላት። «ዝም ካልኩ ያልታመመውም ያልቃል።»

«እህትህስ? ሁለት ሴት ልጆች የምታስተምረው በዚያች ጓሮ ነው። ምን ብለህ ነው ዓይኗን የምታየው?»

ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

እህቱ ጓሮ ውስጥ ጎንበስ ብላ ታርማለች። «እሰይ ወንድም ጋሼ፣ እግርህ ይባረክ! ያን የዳር ግንድ እስቲ እየው፤ ውኃ የጠማው መሰለኝ» አለችው። አየው። አንድ ቅጠል ከወገቡ ተሰብሮ፣ ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ግንዱን ሊደገፍ እጁን ዘረጋና፣ እሳት እንደነካው ሰው መልሶ ሰበሰበው።

«ውኃ አይደለም። ያስያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ችግኙን፣ ገጀራውን፣ ባለሙያዋ ስትጠይቀው እያስታወሰ መደበቁን ጭምር።

ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ፤ አልጮኸችም። ቅጠሉን አየች፤ ቀጥሎ ከቤቱ ግድግዳ እስከ አጥሩ የተሰለፉትን ግንዶች አንድ በአንድ ቃኘች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሃያ ሁለት ዓመት... አንድ ሰው እንኳ አልነገረህም?» አለች በሹክሹክታ።

«ነግረውኝ ነበር» አለ። «ሰሚ ነው የጠፋው።»

እህቱ የእጇን አፈር አራገፈች። ነጠላዋን ከአጥሩ ላይ አንሥታ ትከሻዋ ላይ ጣለች።

«ከእኔ ቀጥሎ የሄድከው ማን ዘንድ ነው?»

«ልብስ ሰፊዋ ዘንድ።»

«በል ቅደም! አንተ ትናገራለህ፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

ስድብ ቢሆን በተሻለው ነበር። እህቱ በሩን ከፍታ ስትጠብቀው፣ ሐኪሙ ከግንዶቹ መካከል እንደ ተተከለ ቀረ። እሷም ተመልሳ ክንዱን ያዘችው።