ዘጠኝ ዓመት ያልተጠየቀ ዓርብ

ሀጅራ ከወሎ ወረባቦ ወጥታ ሪያድ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ የሠራችው ሱለይማኒያ ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ሦስት አራት አሠሪ ሲቀያይሩ እሷ ከኡም አብዱልመሊክ ቤት ንቅንቅ አላለችም። ማዳሟም ለመጣ እንግዳ ሁሉ «የኔ ሀጅራ ድምፅዋ እንኳ አይሰማም» እያለች ታመሰግናታለች። ሀጅራ ይህን በሰማች ቁጥር አንገቷን ደፍታ ሳህኑን ታነሳለች፤ ውስጧ ግን እርር ይላል።

ዝምታዋን ሰው ሁሉ ትዕግሥት ይለዋል እንጂ ትዕግሥት አልነበረም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ፊት ቆማ የምትፈልገውን ለመናገር ስትሞክር ጉሮሮዋ ይያዛል። ቃሉ የሚመጣላት ሰውየው ከሄደ በኋላ፣ ዕቃ ስታጥብ ነው። ፊቷም አያግዛትም፤ ሲከፋትም ሲደላትም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ አሠሪዎቿ የተስማማች ይመስላቸዋል፤ የአገሯ ልጆች ደግሞ ኩራተኛ ናት ይሏታል።

ነገሩ የሚብሰው ዓርብ ዓርብ ነበር። ዓርብ የዕረፍት ቀኗ መሆኑ በውሏ ላይ ሰፍሯል። ግን ገና በመጣች በሁለተኛው ወር ማዳም «እህቴ ቤት ዘመድ ይሰበሰባል፤ ለዛሬ ብቻ ታግዢያታለሽ?» አለቻት። ሀጅራ «ተይብ» ብላ እሺታዋን ሰጠች። በሚቀጥለው ሳምንትም ተጠየቀች። ከዚያ ወዲያ የጠየቃት የለም። ሾፌሩ ከጁምዓ ሶላት በፊት መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃታል፤ እሷም ገብታ ትሄድና ለሠላሳ ሰው ሩዝና ሥጋ ስታበስል ትውላለች።

ለመናገር ስንት ጊዜ አስባለች። ልብስ ስትተኩስ የምትለውን በዓረብኛ ደጋግማ ታሰናዳዋለች፤ «ማዳም፣ ዓርብ ማረፍ እፈልጋለሁ።» ከዚያ እስከ ሳሎኑ በር ትሄዳለች። ማዳም ቀና ብላ «ምን ፈለግሽ ሀጅራ?» ስትላት «ሻይ ላምጣልሽ?» ብላ ትመለሳለች። አንድ ቀን እንዲያውም በአንድ ከሰዓት ብቻ ሦስት ጊዜ ሻይ አመላልሳለች።

ዘንድሮ ማዳም አራተኛ ልጇን ስትወልድ ሰሚራ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ከሀይቅ መጣች። ሰሚራ ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል። የጠላችውንም የወደደችውንም ፊት ለፊት ትናገራለች። ዓረብኛዋ ስብርብሩ የወጣ ነው፤ ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ትላለች፤ ግን አታፍርም። በሦስተኛው ሳምንት ማዳምን «ዓርብ እወጣለሁ፤ ሙረባዕ ሰፈር የአክስቴ ልጅ አለች» አለቻት። ማዳምም «ለመግሪብ ሶላት ተመለሺ» ብላ ለቀቀቻት።

ሀጅራ ሽንኩርት እየከተፈች ይህን ሰማች። የተናደደችው በማን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም። ሁለት ቀን ሰሚራን በቅጡ አላናገረቻትም።

«እትዬ ሀጅራ፣ ምን አድርጌሽ ነው?» አለች ሰሚራ።

«ምንም።»

«ምንምማ አይደለም። ድስቱን እኮ እየወረወርሽው ነው።»

ሐሙስ ከሰዓት ማዳም ሕፃኑን ታቅፋ ወጥ ቤት ገባች። ሰሚራ የነገውን መውጫዋን ስታስታውሳት ማዳም ፈገግ ብላ፣ «አንቺ መዞር ትወጃለሽ። ሀጅራ ግን መውጣት አትወድም፤ ተፈጥሮዋ ነው። እህቴ ቤት ስትሠራ ነው የሚያስደስታት» አለች።

ሀጅራ ማንኪያውን አስቀመጠች። ዓረብኛው በሙሉ ጠፋባት፤ የመጣላት አማርኛ ብቻ ነው። «ማን ነው የተደሰተው? ማን ጠየቀኝ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዓርብን ከምድጃ ሥር ነው የማውቀው። እግሬ አብጦ እያየሽ፣ ትወዳለች ትያለሽ?» ማቆም አልቻለችም። ከሀጅራ አፍ ይህን ያህል ቃል ወጥቶ አያውቅም።

«ምንድን ነው የምትለው?» አለች ማዳም ወደ ሰሚራ ዞራ።

ሰሚራ ጥቂት አሰበችና «ዓርብ ማረፍ ትፈልጋለች» አለቻት።

«ይኸው ነው? ታዲያ ለምን አልነገረችኝም? ኸላስ፣ በቃ፣ ለእህቴ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።» ሕፃኑን እያባበለች ወጣች።

ሰሚራ «ተገላገልሽ እህቴ» ብላ ትከሻዋን አቀፈቻት። ሀጅራ ግን በርጩማው ላይ ተቀምጣ ቀረች። ማዳም ብትቆጣት፣ ብትከለክላት ይሻላት ነበር። ያኔ ዘጠኙን ዓመት የምታሳብብበት ሰው ታገኝ ነበር። አሁን ግን ወደ ማን ትጠቁም?

በማግስቱ አብረው ሙረባዕ ሄዱ። ዓርብ ዓርብ የሚገናኙት የአገራቸው ሴቶች መናፈሻው ሣር ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሰሚራ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም አሳቀቻቸው። ሀጅራ ጥግ ይዛ ሻይዋን ስትጠጣ ኢልሃም፣ የሰሚራ የአክስት ልጅ፣ ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺን አውቅሻለሁ» አለቻት። «አምና አንድ ትልቅ ቤት በር ላይ ቆመሽ ሰላም ብልሽ ዝም አልሽኝ። ኩራተኛ ናት ብዬ ተውኩሽ።»

ሀጅራ ያን ቀን አልረሳችውም። የማዳም እህት ቤት በር ላይ ነበር፤ በዚያ ሰፈር ድንገት አማርኛ ስትሰማ ደስታው አፏን ያዘው፤ ቃሉ ሲመጣላት ልጅቷ መንገዱን ተሻግራ ነበር። አሁንም ምክንያቱን እስክታሰናዳ ኢልሃም ወደ ሌላ ወሬ ዞረች። ሀጅራ ብርጭቆዋን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የኢልሃምን እጅጌ ጎተት አደረገች።

«ያን ቀን... ደስ ብሎኝ ነው።»

«ሰው ደስ ብሎት ዝም ይላል?»

«እኔ እላለሁ።»

ኢልሃም ሳቀች፤ ፈቀቅ ብላም ቦታ ለቀቀችላት። ሀጅራ ተጠጋች፤ የሚቀጥለውን ምን እንደምትል ግን አላወቀችም።

ሲመለሱ ሰሚራ ከሾፌሩ ጋር ስለ መንገዱ መጨናነቅ ትከራከራለች። ሀጅራ በመስኮት እያየች፣ ተናግራ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል ያልቁ የነበሩትን ነገሮች በልቧ ማንሳት ጀመረች። የክፍሏ አየር ማቀዝቀዣ ትራሷ ላይ ያንጠባጥባል። የተሰጣት ጫማ በአንድ ቁጥር ያንሳል። ማዳም ስሟን ስታ «አይሻ» ብላ የምትጠራት ቀን አለ። ንዴቷ እንደገና ተነሳ። መኪናው ሱለይማኒያ ደርሶ ሲቆም ገና ቆጥራ አልጨረሰችም ነበር።