የተቀደዱት ሦስት ደብዳቤዎች

ዶክተሯ ወደ ጤና ቢሮ የገባችው በሽተኛ ማየት ሰልችቷት አይደለም፤ ቂም ይዛ ነው።

ወጣት ሐኪም ሳለች አንዲት ወላድ ኦክስጅን አልቆ እጇ ላይ ሞተችባት። ሲሊንደሮቹ ሊያልቁ መሆኑን ገልጻ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። አጣሪዎች ሲመጡ ሰውዬው ደብዳቤዎቹን ከፋይሉ አወጣና «አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፤ ቸልተኛ ናት» ብሎ መሰከረባት። የሟቿ ባል ኮሪደሩ ላይ «ገዳይ» ብሏት አለፈ። እሷም መኪና ወደማይገባበት ጤና ጣቢያ ተወረወረች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጥርሷን ነክሳ ስድስት ዓመት እዚያ ሠራች፤ በርቀት ተማረች፤ ቢሮ ገባች፤ ቀስ በቀስ የጤና ተቋማት ቁጥጥር ኃላፊ ሆነች።

እናቷ «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም» ሲሏት፣

«እማዬ፣ እኔ ጸሎትም ስርቆትም ላይ አይደለሁም፤ ሥራ ላይ ነኝ» ትላቸዋለች።

ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ የግል ማዋለጃ ክሊኒክ ከፍቷል። የፈቃድ እድሳት ማመልከቻው ሲደርሳት ለባለሙያ አልመራችውም፤ ራሷ ሄደች። መጋረጃው አዲስ፣ ወለሉ ፊት የሚያሳይ ነው። ቀጥታ ማዋለጃ ክፍል ገብታ የኦክስጅኑን ቁልፍ ከፈተችና ጆሮዋን አስጠጋች። ትንፍሽ የለም። ሲሊንደሩ ባዶ ነው። ደስ አላት፤ በመደሰቷም አላፈረችም። ክሊኒኩ በዚያው ቀን ታሸገ።

በሳምንቱ ቢሮዋ መጣ። ድሮ «አንቺ ልጅ» ይላት የነበረው ሰው፣ «ዶክተር፣ ሲሊንደሩ ተሞልቷል፤ እባክዎ ያስከፍቱልኝ» አላት።

«ሦስቱ ደብዳቤዎቼ የት ደረሱ?»

«ቀደድኳቸው» አለ።

ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገችለት። «እሱኑ ይጻፉት።»

ጽፎ ፈረመ። «አሁን ይከፈትልኛል?»

«ይሄ በር አይከፍትም። ማመልከቻዎን መዝገብ ቤት ያስገቡና ወረፋዎን ይጠብቁ።»

ወረፋው አራት ወር ፈጀ። ልታሳጥረው ትችል ነበር፤ አላሳጠረችውም።

ወረቀቱን ይዛ ወደ ሟቿ ባል ቤት ሄደች። ሸምግሏል። በሩ ላይ ቆሞ ሁለቴ አነበበውና ወንበር ሳበላት። ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም አልጠበቀችም።

«ሰውዬው በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«አድራሻውን ስጪኝ።»

ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አልጠየቀችውም። ሰፈሩን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የበሩን ቀለም ሳይቀር ጻፈችለት።